ቱቦው ትንሽ ሲሰፋ ውሃው ስንት እጥፍ ያልፋል?

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ ስትጓዙ ደብረ ብርሃንን አልፋችሁ ጣርማ በር ትደርሳላችሁ። በጣሊያን ወረራ ዘመን የተፈለፈለውን ዋሻ ስትወጡ መንገዱ ቁልቁል መጠማዘዝ ይጀምራል። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ተነስቶ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ወዳለችው ሸዋ ሮቢት ይወርዳል። የሚወርደው ግን መኪና ብቻ አይደለም። የክረምቱ ጎርፍም ቁልቁል ይመጣል፤ መንገዱንም ማቋረጥ አለበት። በየት በኩል? ከአስፋልቱ ሥር በተቀበሩ ቱቦዎች ነዋ!

እስቲ እናስላ። ከመንገዱ በላይ 20 ሄክታር ተዳፋት አለ እንበል። በአንድ ሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ዝናብ ቢጥልበት 6,000 ሜትር ኩብ ውሃ ይሆናል። ግማሹ መሬት ውስጥ ቢሰርግ እንኳ ቀሪው በሰከንድ 830 ሊትር ገደማ እየሆነ ወደ መንገዱ ይመጣል። የውስጥ ስፋቱ 60 ሳንቲ ሜትር የሆነ ቱቦ፣ ውሃው በሰከንድ 2 ሜትር ቢሮጥ፣ 565 ሊትር ብቻ ያሳልፋል። የተረፈው ይጠራቀምና አስፋልቱ ላይ ይወጣል።

«ታዲያ ጎኑ ሌላ ባለ 60 እንጨምርበት» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ እጥፍ ያሳልፋል። በምትኩ አንድ ባለ 90 ብንቀብርስ? አፉ 2.25 እጥፍ ይሰፋል። በዚያ ላይ ውሃ ከቱቦ ግድግዳ ጋር ይፋተጋል፤ ቱቦው ሲሰፋ ግድግዳው የሚይዘው የውሃ ድርሻ ስለሚያንስ በዚያው ተዳፋት የበለጠ ይፈጥናል። ሁለቱ ሲደመሩ ሞልቶ የሚፈሰው ውሃ 3 እጥፍ ገደማ ይሆናል! ሁለት ቱቦም የራሱ ጥቅም አለው፤ አንዱ ቢደፈን ሌላው ይሠራል።

ባሕር ላይም ያው ነው። በትንሽ የሸራ ጀልባ ላይ ሰዎች የሚቀመጡበት ጎድጓዳ ቦታ ወለሉ ላይ የውሃ መውጫ ቀዳዳ አለው። ቀዳዳው ጠባብ ከሆነ የመጀመሪያው ማዕበል ውሃ ሳያልቅ ሁለተኛው ይደርሳል፤ ጀልባዋም ትከብዳለች። ለዚህ ነው ባለቤቶቹ ቀዳዳውን የሚያሰፉት።

ጀልባ ላይ አደጋው መስጠም ነው፤ ተራራ ላይ ደግሞ መናድ። መውጫ ያጣ ውሃ አፈሩ ውስጥ ይገባል፤ አፈሩን ያከብደዋል፣ ቅንጣቶቹም እርስ በርስ የሚያያዙበትን ኃይል ይቀንሳል። በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ በደብረ ሲና አካባቢ በደረሰ ትልቅ የመሬት መንሸራተት ብዙ ሰዎች ከቤታቸው ተፈናቅለዋል። እንዲህ ያለ መንሸራተት ብዙ ምክንያት አለው፤ ቱቦ ብቻውን አያስቀረውም። ቢሆንም የዝናብ ውሃን ቶሎ ማሳለፍ ለመንገዱም ለተዳፋቱም እፎይታ ነው። ቱቦው የሚተፋው ውሃ ግን መሬቱን እንዳይቦረቡር መውጫው በድንጋይ መነጠፍ አለበት።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ሁለት እኩል የሃይላንድ ጠርሙሶች ውሰዱና ሥራቸውን ቁረጡ። በአንዱ ክዳን ላይ 4፣ በሌላው ላይ 8 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብሱ። ዘቅዝቃችሁ እኩል ውሃ ሙሉና በሰዓት ለኩ። ሰፊው በሩብ ጊዜ ገደማ ይጨርሳል። ከዚያ ቅጠል ጨምሩበትና እዩ፤ ሰፊ የነበረው ቀዳዳ ቀጥ ይላል! ከመኪና መስኮት የተወረወረ አንድ ሃይላንድም ቱቦ አፍ ላይ የሚሠራው ይህንኑ ነው። እናንተ ግን አትወርውሩ፤ ከበታች ሰው አለ።