ባለ ብዙ ወኪል የኮምፒዩተር ዘዴ ለከተማችን ሥራ ይዋል



በአሁኑ ጊዜ ስለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ብዙ ይጻፋል፤ ብዙም ይነገራል። ይሁን እንጂ ከዚህ ዕውቀት ቅርንጫፎች መካከል ለመንግሥት ሠራተኛ ሥራ በጣም የሚቀርበው አንዱ ገና በቂ ትኩረት ያገኘ አይመስለኝም። ይኸውም ባለ ብዙ ወኪል ሥርዓት የሚባለው ነው። ስለዚህ የዘዴውን ምንነት በአጭሩ አስረድቼ፤ ለቂርቆስና ለካዛንቺስ፤ እንዲሁም ለመላዋ አዲስ አበባ ሊሰጥ የሚችለውን ጥቅም ለአንባብያን እንዳካፍል በአምድዎ ላይ ጥቂት ቦታ እንዲፈቀድልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በኮምፒዩተር ዐዋቂዎች ዘንድ ወኪል ማለት አካባቢውን ተመልክቶ፤ የተሰጠውን ግብ ይዞ፤ በየእርምጃው ትእዛዝ ሳይጠብቅ ራሱ ወስኖ የሚሠራ ፕሮግራም ነው። እንዲህ ያሉ ወኪሎች ብዙ ሆነው መልእክት እየተለዋወጡ፤ አንዳንድ ጊዜ እየተባበሩ፤ አንዳንድ ጊዜም እየተሻሙ ሲሠሩ ባለ ብዙ ወኪል ሥርዓት ይባላል። ዋናው መለያው ሁሉን የሚያይና ሁሉን የሚያዝ አንድ አለቃ የማያስፈልገው መሆኑ ነው። እያንዳንዱ ወኪል የሚያውቀው የቅርቡን ብቻ ነው።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ጧት ጧት በታክሲ ተራ የሚሆነውን እንመልከት። ሾፌሩ የሚያስበው ስለ ምልልሱ ነው፤ ረዳቱ ወንበሩ ስለ መሙላቱ፤ ተራ አስከባሪው ስለ ወረፋው፤ ተሳፋሪውም ስለ ቢሮ መግቢያ ሰዓቱ። የከተማውን ጉዞ በሙሉ በአእምሮው የያዘ ከመካከላቸው አንድም የለም። ሆኖም ብዙ ሺህ ሰው ከሥራው ይደርሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ዝናብ ሲጥል ማንም ያልፈለገው ረጅም ሰልፍ ከዚያው ከእያንዳንዱ ሰው ትንሽ ውሳኔ ተጠራቅሞ ይወለዳል። እንግዲህ ልማቱም ጥፋቱም የሚመጣው ከወኪሎቹ ግንኙነት እንጂ ከአንዳቸው ጠባይ ብቻ አይደለም ማለት ነው።

ይህን በግልጥ ካሳዩት ሊቃውንት አንዱ በ2005 እ.ኤ.አ. በምጣኔ ሀብት የኖቤል ሽልማት ያገኙት አሜሪካዊው ቶማስ ሼሊንግ ናቸው። እኒህ ሰው በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት የዳማ ገበታ በመሰለ ሰሌዳ ላይ ሁለት ዓይነት ጎረቤቶችን አሰፈሩ። ደንቡ ቀላል ነበር። እያንዳንዱ ከጎረቤቶቹ የተወሰኑት መሰሎቹ እንዲሆኑለት ይፈልጋል፤ ካልሆኑለት ወደ ሌላ ባዶ ቦታ ይዛወራል። ፍጹም መለያየትን የፈለገ አንድም ሳይኖር ሰፈሩ ተከፋፍሎ ተገኘ።

ወኪሎች ሥራ የሚከፋፈሉበትን ደንብ ደግሞ ሪድ ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪ በ1980 እ.ኤ.አ. ጽፈው አውጥተዋል። ይህ ለቢሮ ሰው ማብራሪያ አያሻውም፤ ጨረታ ነውና። ሥራ ያለው ወኪል ማስታወቂያ ያወጣል፤ ሌሎቹ እንደ ዐቅማቸው ይወዳደራሉ፤ የተሻለው ሥራውን ተረክቦ ሲጨርስ ውጤቱን ያስታውቃል።

ዘዴው በአገራችን ጉዳይ ላይም ተሞክሯል። በ2018 እ.ኤ.አ. አንድ ኢትዮጵያዊ ተመራማሪ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ «ኦሞላንድ» የተባለውን የደቡብ ኦሞ ምሳሌ ለዓለም አቅርቧል። የሥራው መሠረት የተጣለው በአሜሪካ አገር በጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ነበር። በዚህ ምሳሌ ውስጥ እያንዳንዱ የገጠር ቤተሰብ አንድ ወኪል ነው። ዝናቡን ይመለከታል፤ ዐቅሙን ይመዝናል፤ ከዚያም እርሻውን ወይም ከብቱን እንዴት እንደሚይዝ ይወስናል። ድርቅ በተከታታይ ሲደጋገም የቤተሰቦቹ የመቋቋም ዐቅም እየተዳከመ ሄዶ አካባቢውን እስከ መልቀቅ እንደሚያደርሳቸው ጥናቱ አመልክቷል። በጀርመን አገር የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎችም የኢትዮጵያ አነስተኛ ገበሬዎች የአየር መለዋወጥን እንዴት እንደሚቋቋሙና የመንግሥት ድጋፍ ምን ያህል እንደሚረዳቸው በዚሁ ዘዴ መርምረው ውጤቱን በ2017 እ.ኤ.አ. አሳትመዋል።

ለገጠሩ ቤተሰብ የተደረገው ለከተማው ቤተሰብ ስለ ምን አይደረግም? ወደ ዋናው ሐሳቤ የሚያመጣኝም ይህ ጥያቄ ነው።

የካዛንቺስ ስም ራሱ ከመንግሥት ሠራተኛ ጋር የተያያዘ ነው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ለመንግሥት ሠራተኞች መኖሪያ ቤት ይሠራ የነበረው የጣሊያን ድርጅት በአጭር ስሙ ኢንቺስ ይባል ነበርና፤ «ካዜ ኢንቺስ»፤ ማለትም የኢንቺስ ቤቶች፤ በሕዝቡ አፍ ካዛንቺስ ሆኖ ቀረ። በ2017 ዓ.ም. ግን በኮሪደር ልማትና በመልሶ ማልማት ሥራ ምክንያት ከነባሩ ነዋሪ ብዙው ተነሥቶ ገላን ጉራን ወደመሳሰሉ አዳዲስ መንደሮች ሄዷል።

ከተማ መታደስ የለበትም የሚል ሐሳብ የለኝም። ቤት በቤት ሊተካ ይችላል። ዳሩ ግን ዕድሩና ዕቁቡ፤ እስከ ደመወዝ ቀን በዱቤ የሚሰጠው ባለሱቅ፤ ልጅ የምትጠብቀው ጎረቤት በካሳ መዝገብ ላይ አምድ የላቸውም። በእግሯ ሄዳ ቢሮ ታጸዳ የነበረች እናት አሁን የታክሲ ሒሳብ ከደመወዟ ላይ ትከፍላለች። ይህ ሁሉ ከግንኙነት የሚወለድ ጉዳይ ስለሆነ በቤቶች ቆጠራ ብቻ አይታይም።

ስለዚህ ወደፊት አንድ ሰፈር ከመነሣቱ በፊት የከተማው መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎቻችን ተባብረው እያንዳንዱን ቤተሰብ እንደ አንድ ወኪል የሚቆጥር ምሳሌ እንዲሠሩ ሐሳብ አቀርባለሁ። የሥራ ቦታው፤ የልጆቹ ትምህርት ቤት፤ ገቢውና ዕድሩ ይመዝገብ። ከዚያም ነዋሪው በዕጣ ቢበተን ምን ይሆናል? ጎረቤት ከጎረቤቱ ጋር አብሮ ቢዛወርስ? አውቶቡሱ ከሰዎቹ በፊት ቢደርስስ? ተብሎ ይጠየቅ። በኮምፒዩተር ላይ ሰፈርን አሥር ጊዜ ማንሣትና መትከል ማንንም አያስለቅስም፤ በምድር ላይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚቻለው።

ሆኖም ሁለት ጥንቃቄዎች ያስፈልጋሉ። አንደኛ፤ ምሳሌው ትንቢት አይደለም። ደንቡን የጻፈው ሰው ዕድርን ከረሳ ኮምፒዩተሩም ይረሳዋል። በመሆኑም ደንቦቹ ለሕዝብ ይፋ ሆነው የዕድር ዳኞችና የሰፈሩ ሰዎች አይተው እንዲያርሟቸው ያስፈልጋል፤ የየቤተሰቡ ገመና ግን በምስጢር ይጠበቅ። ሁለተኛ፤ ወኪሎች ራሳቸው እንዲወስኑ ሥልጣን በሚሰጣቸው ጊዜ ተጠያቂው ሰው አስቀድሞ ይታወቅ። በ6 ሜይ 2010 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ አውቶማቲክ የመሸጫና የመግዣ ፕሮግራሞች እርስ በርስ እየተቀባበሉ ገበያውን በደቂቃዎች ውስጥ ቁልቁል ሰደዱት፤ ዳው ጆንስ የተባለውም መለኪያ በዕለቱ 1,000 ነጥብ ያህል ወርዶ ነበር። ገበያው አብዛኛውን ኪሳራ በዚያው ቀን ቢመልስም፤ እያንዳንዱ የታዘዘውን ሲፈጽም የሁሉ ድምር ማንም ያላዘዘው ሊሆን እንደሚችል ታይቷል። እኛም ጉዳዩን ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ እያሳለፍን «የኔን ድርሻ ጨርሻለሁ» የማለት ልማድ ስላለን፤ ይህን ልማድ ለማሽንም እንዳናወርሰው ያሠጋል።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ አበው። እውነት ነው፤ ነገር ግን ድሩ ሲያብር ደካማውን ሰው እንዳያስር አስቀድሞ ማየት የእኛ የሠራተኞቹ ፈንታ ነው። የሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ሐሳቡን እንዲመረምሩት፤ ከእኔ የበለጠ የሚያውቁ አንባብያንም የጎደለውን እንዲሞሉበት እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
ከመንግሥት ሠራተኞች አንዱ
ከቂርቆስ፤ አዲስ አበባ