የሚሸተው አየር ያጣው ነው

«ቆሻሻ መለየት ድካም ነው፤ መኪናው ላይ ሲጫን መልሶ ይቀላቀላል» የሚለው ወሬ ሰለቸኝ። ይባስ ብሎ መርካቶ ውስጥ፣ ከምናለሽ ተራ አፍንጫ ሥር ሆነው የሚሉት አሉ። እዚያ ቆራሌው ከየሰፈሩ የለቀመው ጀሪካን ታጥቦ ይሸጣል፤ የዘይት ቆርቆሮ በመቀስ ተቀዶ፣ በመዶሻ ተደልድሎ ምድጃ ይሆናል። አሉሚኒየምን አቅልጦ መልሶ መሥራት ደግሞ ከማዕድኑ አዲስ ለማውጣት ከሚፈጀው ኃይል 95 በመቶውን ገደማ ይቆጥባል። ገዢ ያለው ነገር መንገዱን አያጣም።

ባለቤት ያጣው እርጥቡ ነው፦ የሽንኩርትና የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ ገራባ፣ ኮባ፣ ቄጠማ። ከአዲስ አበባ የቤት ቆሻሻ ከግማሽ በላዩ የሚበሰብስ ነው፤ ቆራሌው ግን አይገዛውም። የከተማዋ ቆሻሻ መጣያ ቆሼ የተከመረውም በአብዛኛው በዚሁ ነው። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል።

«ይቃጠልና መብራት ይሁነን» ለሚሉ፣ በነሐሴ 2010 ዓ.ም. እዚያው ረጲ ላይ የተመረቀው ማመንጫ ለዚሁ የተሠራ ነው። ዳሩ ግን እሳት ልጣጩን ከማንደዱ በፊት ውሃውን ማትነን አለበት፤ የፈላ ውሃን አንድ ኪሎ ለማትነን ብቻ 2.26 ሜጋ ጁል ይፈጃል። የአትክልት ልጣጭ ደግሞ አብዛኛው ክብደቱ ውሃ ነው።

እንግዲህ የሚቀረው እርጥቡን ማበስበስ ነው፤ «ኮምፖስት ይሸታል» ወደሚለው እንምጣ። በደንብ የተያዘ ኮምፖስት የሚሸተው እንደ እርጥብ አፈር ነው። ኦክስጅን የሚያገኙ ባክቴሪያዎች ልጣጩን ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ፣ ውሃና ሙቀት ይለውጡታል። ኦክስጅኑ ሲያልቅ ኦክስጅን የማይሹ ተህዋስያን ይተኳቸዋል፤ ክፉውን ሽታና ሚቴንን የሚያወጡት እነዚህ ናቸው። ሚቴን በ100 ዓመት ስሌት ከካርቦን ዳይኦክሳይድ 28 እጥፍ ገደማ ምድርን ያሞቃል። አየሩን የሚያሳጣው ውሃ ነው፤ ኦክስጅን በውሃ ውስጥ የሚሰራጨው በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው 10,000 ጊዜ ያህል ዘግይቶ ነው። በልጣጮቹ መካከል ያለው ክፍተት በውሃ ከተሞላ፣ ላይ ላዩ ነፋስ ቢመታውም ውስጡ ታፍኗል።

ሁለተኛው ጉዳይ ምጥጥን ነው። ባክቴሪያዎቹ ለአንድ እጅ ናይትሮጅን ከ25 እስከ 30 እጅ ካርቦን ይሻሉ። ልጣጭ ናይትሮጅን ይበዛዋል፤ ትርፉ አሞኒያ ሆኖ አፍንጫ ይሰነፍጣል። ሰጋቱራ፣ የደረቀ ቅጠልና የተቀዳደደ ካርቶን ካርቦኑን ይሞላሉ፤ ውሃ ይመጥጣሉ፤ ለአየር መተላለፊያ ይከፍታሉ። መርካቶ ደግሞ ካርቶን አይቸግራትም። እፍኝ ይዘው ሲጨምቁት አንድ ሁለት ጠብታ ካንጠባጠበ ልክ ነው፤ ውሃው ከወረደ ካርቶን ይጨመር። አይጥ የሚጠራው ሥጋና ቅባት ነው፤ አይግባ።

ሙቀቱ ላይ ግን መጠንቀቅ ያሻል። አንድ ሜትር ኪዩብ የሚያህል ክምር ከ55 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይደርሳል፤ በዚያ ሙቀት ለቀናት ከቆየ የበሽታ ተህዋስያንና የአረም ዘር ይሞታሉ። የኮንዶሚኒየም በረንዳ ላይ ያለ ባልዲ እዚያ አይደርስም፤ ሕፃን ልጅ ከአዋቂ ቀድሞ እንደሚበርደው፣ ትንሽ ክምርም ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ስለዚህ የበረንዳው ብስባሽ ለአበባ እንጂ በጥሬው ለሚበላ ሰላጣ አይመከርም።

ስለ ማዳበሪያነቱ እኛ የአፈር ሰዎችም እንከራከራለን። ዩሪያ 46 በመቶ ናይትሮጅን ነው፤ ኮምፖስት ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 በመቶ። ዩሪያን ይተካል ማለት ማጋነን ነው። አፈሩ ውሃ እንዲይዝ ማድረጉ ግን አያከራክርም፤ ብቻ ምንጩ ንጹሕ ይሁን። ባትሪና ፕላስቲክ ከተቀላቀለበት ቆሻሻ የተሠራ ኮምፖስት እርሻን ይበክላል። መለየት ያለበት ገና ከወጥ ቤት ነው የምለው ለዚህ ነው። በረንዳ ላይ የበሰበሰ ልጣጭ ደግሞ ማንም መኪና ላይ አይቀላቅለውም።

የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ ቁጥር 513/1999 አባወራው እንደገና የሚያገለግለውን እንዲለይ ያዝ ነበር። ቆሻሻ ሰብሳቢ ማኅበራቱ ግን ለዓመታት የተከፈላቸው ባስረከቡት መጠን ነው፤ ነዋሪው በቀነሰ ቁጥር ገቢያቸው ይቀንሳል። ነዋሪውን ከመምከር በፊት ይህን ክፍያ ማስተካከል ይቀድማል።