ያውቁ ኖሯል? ዓይን የማያየው ብርሃን ትራንስ ፋትን ይለያል

ትራንስ ፋት ለልብ ሕመም እንደሚያጋልጥ ይታወቃል፤ በመልክ፣ በጠረንም ሆነ በጣዕም ግን ከሌላው ስብ መለየት አይቻልም። ኢንፍራሬድ ጨረር ይለየዋል። አቶሞችን የሚያያይዘው ቦንድ እንደ ክራር ክር በራሱ ቅኝት ይርገበገባል፤ ከቅኝቱ ጋር የሚገጥመውን ጨረርም ይውጣል። በትራንስ ፋት ውስጥ ያለው፣ ትራንስ የሚባለው የካርቦን ድርብ ቦንድ የሚውጠው በአንድ ሴንቲሜትር 966 ገደማ ሞገዶች ያሉትን ጨረር ነው፤ ሲስ የሚባለው አቻው እዚያ ቦታ ላይ ጉልህ ምልክት የለውም። ስለዚህ የቀለጠ ስብ በኢንፍራሬድ መመርመሪያ መሣሪያ ክሪስታል ላይ ጠብ ሲደረግ፣ በደቂቃዎች ውስጥ ግራፉ ላይ 966 አጠገብ ጉብታ ይወጣል፤ ጉብታው በገዘፈ መጠን ትራንስ ፋቱ በዝቷል ማለት ነው።

«ቅቤም እኮ ትራንስ ፋት አለው» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። በሚያመሰኩ እንስሳት ሆድ ውስጥ ያሉ ባክቴሪያዎች ስለሚሠሩት፣ ንጹሕ የላም ቅቤም በተፈጥሮው ጥቂት ይዟል። ስለዚህ ጉብታ ስለታየ ብቻ ቅቤው ባዕድ ነገር ተቀላቅሎበታል ብሎ መፍረድ ስሕተት ነው፤ መጠኑ መለካት አለበት። መጠኑ እጅግ ሲያንስ ደግሞ የጋዝ ክሮማቶግራፊ የተሻለ ይለካል። ቢሆንም ያ ዘዴ ስቡን አስቀድሞ በኬሚካል መለወጥንና ረጅም ጊዜን ይጠይቃል። ኢንፍራሬድ ናሙናውን እንዳለ ስለሚመረምር፣ ከብዙ ናሙናዎች መካከል አጠራጣሪዎቹን ቶሎ ነጥሎ ለማውጣት እሱን ማስቀደም ይሻላል።