1983 ዓ.ም. በአገራችንና በወለቃ

አባቶቻችን ዓመትን የሚያስታውሱት በቁጥር ሳይሆን በሆነው ነገር ነበር። «ልጄ የተወለደው ጣሊያን በገባ ጊዜ ነው»፣ «ይህን ቤት የሠራነው አንበጣ በወረደ ዘመን ነው» ይሉ ነበር። ይህ አቆጣጠር መልካም ነው፤ ግን ክርክር ያመጣል። አንበጣ የወረደው አንድ ጊዜ ብቻ አይደለማ! ፊደል የለየ ሰው ግን ዓመቱን፣ ወሩንና ቀኑን ጽፎ ያስቀምጣል። የጻፈውን ደርድሮ ሲያየውም የትኛው እንደቀደመ፣ አንዱ ነገር ሌላውን እንዴት እንዳመጣው ይገባዋል።

ዛሬ አንድ ዓመት መርጠን እንዲህ እንደርድር። ዓመቱ 1983 ዓ.ም. ነው። ዘመነ ሉቃስ ስለነበረ ጳጉሜ 6 ቀን ሆናለች። በዚያ ዓመት በአዲስ አበባ መንግሥት ተለወጠ። ከጎንደር ከተማ በስተ ሰሜን፣ ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው የወለቃ ሰዎች ደግሞ ከጎረቤቶቻቸው ጋር ለሁልጊዜ ተለያዩ። ሁለቱ ነገሮች በምን ተገናኙ?

የወለቃ ባለሙያዎች

በወለቃ ቤተ እስራኤል የሚባሉ ሰዎች ይኖሩ ነበር። ሌላው ሰው «ፈላሻ» ይላቸው ነበር። ቃሉ መጻተኛ፣ አገር የሌለው እንደ ማለት ስለሆነ እነሱ አይወዱትም። ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ቅዳሜን ያከብራሉ፤ ካህኖቻቸውንም «ቄስ» ይሏቸዋል። በየዓመቱ ስግድ በተባለው በዓላቸው ጾመው ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይወጡና ይጸልያሉ። ከጸሎታቸው አንዱ ኢየሩሳሌምን ለማየት ነበር።

ወንዶቹ ብረት ቀጥቃጮች፣ ሴቶቹ ሸክላ ሠሪዎች ነበሩ። ገበሬው ማረሻው ሲዶለዱም፣ ማጭዱ ሲሰበር ወደ እነሱ ይዞ ይሄድ ነበር። ምጣዱ፣ እንስራው፣ ድስቱና ጀበናው ከእነሱ እጅ ይወጣ ነበር። ማረሻ ከሌለ እርሻ የለም፤ ምጣድ ከሌለ እንጀራ የለም።

ታዲያ በዚህ ሥራቸው ተከበሩ? አልተከበሩም። «ቡዳ ናቸው፤ ሌሊት ጅብ ይሆናሉ» ተባሉ። የሰው ልጅ ቢታመም በእነሱ ይሳበብ ነበር። ርስት ስለማይሰጣቸው ብዙዎቹ በሰው መሬት ላይ ጢሰኛ ሆነው ኖሩ። እንደ ሌላው ገበሬ መሬት የማግኘት መብት በሕግ ያገኙት የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲታወጅ ነው።

እዚህ ላይ እውነቱን እንነጋገር። ብረትን በእሳት አለስልሶ ማረሻ ማውጣት ጥበብ ነው እንጂ ጥንቆላ አይደለም። ሰው ጅብ አይሆንም። በሽታም የሚመጣው ከቆሻሻ ውሃና ከትንኝ ነው እንጂ ከባለሙያ ሰው ዐይን አይደለም።

ከ1983 በፊት የሆነው

በ1976 እና በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ጦርነት በበረታ ጊዜ ከጎንደር አገር ብዙ ቤተ እስራኤሎች በእግራቸው ወደ ሱዳን ወጡ። ሺዎች ከዚያ በአውሮፕላን ወደ እስራኤል ተወሰዱ። በመንገድና በመጠለያ ሠፈር በረሃብና በበሽታ ያለቁትም በሺህ ይቆጠራሉ። ከአንድ ቤት ልጅ እዚያ፣ እናት እዚህ ቀረች። ስለዚህ የቀሩት ሰዎች የሚናፍቁት ቅድስት አገርን ብቻ ሳይሆን ልጆቻቸውንም ነበር።

በሌላ በኩል የደርግ መንግሥት የጦር መሣሪያ በብዛት የሚያገኘው ከሶቭየት ኅብረት ነበር። ምሥራቅ ጀርመንም ትረዳው ነበር። በ1982 ዓ.ም. ግን በምሥራቅ አውሮፓ የነበሩት መንግሥታት ተከታትለው ወደቁ። ሶቭየት ኅብረትም እጇን መሰብሰብ ጀመረች። ደርግ ሌላ ወዳጅ ፈለገ። በ1966 ዓ.ም. ተቋርጦ የነበረውን የኢትዮጵያና የእስራኤል ግንኙነት በ1982 ዓ.ም. መልሶ ጀመረ። ወሬው በየመንደሩ ሲሰማ በሺህ የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤሎች ቤትና ከብታቸውን ትተው ወደ አዲስ አበባ ወረዱ። እዚያም በእስራኤል ኤምባሲ ዙሪያ ሠፍረው መሄጃቸውን ጠበቁ።

በዚያው ዓመት በየካቲት ወር መንግሥት «ቅይጥ ኢኮኖሚ» አወጀ። ገበሬውም በብዙ ቦታ ሳይወድ የገባበትን የአምራቾች ማኅበር አፍርሶ በሬውንና መሬቱን ለየብቻ ያዘ።

ዓመቱ በየወሩ

መስከረም። በ23ኛው ቀን ምሥራቅና ምዕራብ ጀርመን አንድ አገር ሆኑ። ነገሩ ከወለቃ የራቀ ይመስላል። ለደርግ ግን እርዳታ የሚገባበት አንድ በር ለዘለቄታው ተዘጋ ማለት ነበር።

የካቲት። ኢሕአዴግ በጎጃምና በጎንደር «ዘመቻ ቴዎድሮስ» ያለውን ውጊያ ከፈተ። በሳምንታት ውስጥ ሁለቱም ከደርግ እጅ ወጡ። እንግዲህ በእኛ አካባቢ መንግሥት የተለወጠው ከአዲስ አበባ ከሁለት ወር በላይ ቀድሞ ነው። አዲስ አበባ የደረሱት ቤተ እስራኤሎችና በጎንደር የቀሩት ዘመዶቻቸውም የጦር ግንባር መካከላቸው ገባ።

ግንቦት። በዚህ ወር ብዙው ነገር በአንድ ሳምንት ሆነ። ቀኖቹን እንቁጠር።

ግንቦት 13፣ ማክሰኞ፦ ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም አገር ጥለው በኬንያ በኩል ወደ ዚምባብዌ ሄዱ። ሥልጣኑን ሌተና ጄኔራል ተስፋዬ ገብረ ኪዳን ተረከቡ።

ግንቦት 16፣ ዓርብ፦ ሻዕቢያ አስመራ ገባ። በዚያው ቀን በአዲስ አበባ የቤተ እስራኤሎች ጉዞ ተጀመረ። መንግሥት እነሱን ለመልቀቅ 35 ሚሊዮን ዶላር ጠይቆ ነበር፤ ገንዘቡም ተከፈለ። ሰዎቹ ጓዝ ሳይዙ፣ በለበሱት ልብስ ብቻ ተሳፈሩ። ቤተሰብ እንዳይጠፋፋ በየግንባራቸው ላይ ቁጥር ተለጠፈ። ብዙ ሰው እንዲይዙ የአውሮፕላኖቹ መቀመጫ ወልቆ ነበር፤ በአንዱ ብቻ ከ1,000 በላይ ሰው ተጫነ። በጉዞ ላይ የተወለዱ ሕፃናትም ነበሩ።

ግንቦት 17፣ ቅዳሜ፦ ሰንበት ቢሆንም ነፍስ ለማዳን ነው ተብሎ ጉዞው ቀጠለ። 36 ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ከ14,000 በላይ ሰው ተወሰደ። ይህ ሥራ «ዘመቻ ሰሎሞን» ይባላል።

ግንቦት 20፣ ማክሰኞ፦ ኢሕአዴግ አዲስ አበባ ገባ። 17 ዓመት ሊሞላው የተቃረበው የደርግ አገዛዝ አበቃ።

ሰኔ። ከ24 እስከ 28 በአዲስ አበባ ጉባኤ ተደርጎ የሽግግር ቻርተር ጸደቀ። አቶ መለስ ዜናዊ የሽግግሩ መንግሥት ፕሬዚዳንት ሆኑ። ለገበሬው ቤት ግን ከቻርተሩ ይልቅ የታወቀው ለውጥ ሌላ ነበር፤ ልጅን ከገበያና ከማሳ እያፈሱ ወደ ጦር ሜዳ መውሰድ ቀረ። ያም ሆኖ ጦርነት ለዘላለም አላበቃም። ኤርትራ በ1985 ዓ.ም. ራሷን የቻለች አገር ሆነች፤ በ1990 ዓ.ም. ደግሞ ከእሷ ጋር ጦርነት ተነሣ።

ከዚያ በኋላ

ሁሉም በግንቦቱ ጉዞ አልሄዱም። ከቋራ የመጡት በኋለኞቹ ዓመታት ሄዱ። አያቶቻቸው ክርስትና የተነሡ ሰዎችም ዘመዶቻችንን እንከተል ብለው በጎንደርና በአዲስ አበባ ብዙ ዓመት ጠብቀዋል።

የሄዱትስ ተመቻቸው? ልጆቻቸው ተምረዋል፤ ሐኪምም፣ የጦር መኮንንም፣ የምክር ቤት አባልም የሆኑ አሉ። ስግድ በ2000 ዓ.ም. በእስራኤል በሕግ የታወቀ በዓል ሆነ። ነገር ግን እዚያም በቆዳቸው ቀለም ተንቀዋል፤ በ2007 ዓ.ም. ወጣቶቻቸው አደባባይ ወጥተው ጮኸዋል። እዚህ «እንግዳ» ያልናቸው በሃይማኖታቸው ነበር፤ እዚያ ደግሞ በመልካቸው እንደ እንግዳ ታዩ።

በወለቃ የጸሎት ቤታቸው ቀርቷል። የሸክላ ሥራው አልጠፋም፤ ሌሎች ሴቶች ተምረውት ጭቃውን እያቦኩ፣ ምስሉን እየሠሩ በመንገድ ዳር ይሸጡታል። ሙያ ከሰው ወደ ሰው ይተላለፋል። ከሰዎቹ ጋር የሄደው ግን አይመለስም። ማረሻ የሠሩልን እጆች ምስጋናቸውን ሳይሰሙ ሄደዋል።

ስለ 1983 ዓ.ም. ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሣው ማን ወደቀ፣ ማን ገባ የሚለው ነው። እኛ ግን ቀኖቹን ስንደረድር ሌላም ነገር አየን። በሩቅ አገር የሚወድቅ መንግሥት እስከ መንደራችን ይደርሳል፤ ይህን መከልከል በእጃችን አይደለም። ጎረቤትን ማክበርና አለማክበር ግን በእጃችን ነው። ዛሬም በየመንደሩ በሙያው የሚናቅ ቀጥቃጭ፣ ሸማኔ፣ ቆዳ ፋቂ አለ። ሳይሄድ እናክብረው።

ለውይይት

1. ደርግ ከእስራኤል ጋር ግንኙነቱን መልሶ የጀመረው ለምንድን ነው?
2. ከግንቦት 13 እስከ 20 የሆነውን በቅደም ተከተል ጻፉ።
3. በመንደራችሁ በሙያው የሚናቅ ሰው አለ? እሱ ባይኖር ምን ይጎድልባችኋል?
4. አንድ የማትረሱት ዓመት መርጣችሁ በየወሩ የሆነውን በደብተራችሁ ጻፉ።