በድንጋይ ቤት የሚኖረው ደባል

ከቦሌ ተነሥተን በኮተቤ በኩል ወደ የካ ኮረብታ ስንወጣ በመንገድ ዳር ያለውን ድንጋይ አየነው። ድንጋዩ ጥቁር ነው። በላዩ ግን ግራጫና ቢጫ ነገር ተለጥፎበታል። እንደ ሽማግሌ ራስ ሸብቷል። እናንተም በደጃችሁ ባለው የድንጋይ ካብ ላይ ታውቁታላችሁ።

ይኸ እድፍ አይደለም። ሕይወት አለው። ያውም ሁለት ሆነው አብረው ይኖራሉ። አንደኛው የሻጋታ ዘመድ ነው። ሁለተኛው አልጌ ይባላል። አልጌ ማለት በኩሬ ውሃ ላይ አረንጓዴ ሆኖ እንደሚታየው ያለ፣ ሥርና ቅጠል የሌለው ነገር ነው። በትምህርት ቤት ዋቅላሚ ይሉታል። የሻጋታው ዘመድ ቤት ሆኖ እርጥበት ይይዛል። አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ ይሠራል። አንዱ ቤቱን ይጠብቃል፣ ሌላው ምጣዱን ይጥዳል።

እንግዲህ በድንጋይ ላይ ከተኖረ፣ በድንጋይ ውስጥስ ይኖራልን? አዎን፣ ይኖራል። ይኸን ለማየት ግን ወደ ባሕር እንውረድ።

ከቦሌ የሚነሣው አውሮፕላን ወደ ምሥራቅ በርሮ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ጅቡቲ ይደርሳል። በዚያ ባሕር ውስጥ ኮራል የሚባል እንስሳ አለ። አንዱ ለብቻው በጣም ትንሽ ነው። ሆኖም ከባሕሩ ውሃ ኖራ እያወጣ እንደ ድንጋይ የጠነከረ አጥንት ይሠራል። ብዙ ሆነው ሲሠሩ ትልቅ ካብ ይሆናል። ዓሣ በዚያ ይጠለላል። ዓሣ አጥማጁም ከዚያ እንጀራውን ያገኛል።

የኮራል አጥንት በአገራችንም አለ። በአፋር፣ በዳናክል የጨው ሜዳ ዳር፣ ደርቆ ይገኛል። ከመቶ ሺህ ዓመት በላይ በፊት ቀይ ባሕር እስከዚያ ይደርስ ነበር። ኋላ ባሕሩ ተቋረጠ፣ ውሃው ተነነ፤ ጨውና አጥንት ቀረ።

በሕይወት ያለው ኮራል ሁለት ዓይነት ደባል አለው። የመጀመሪያው በሥጋው ውስጥ የሚኖር አልጌ ነው። ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ብዙውን ለኮራሉ ይሰጣል። ሁለተኛው ከሥጋው በታች፣ በአጥንቱ ውስጥ ይኖራል። ኮራሉ ሲሰበር እንደ አረንጓዴ መቀነት ሆኖ ይታያል። ስሙ ኦስትሪዮቢየም ነው። ሊቃውንት ይኸን ስም ያወጡለት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1889 ነው።

አጥንቱ ውስጥ ጨለማ ነው። አብዛኛውን ብርሃን የላይኛው አልጌ ይወስደዋል። ለታችኛው የሚተርፈው ዓይናችን እምብዛም የማያየው ደካማ ብርሃን ነው። እሱም በዚያች ፍርፋሪ ይኖራል። ኖራውን እያሟሟ እንደ ክር የቀጠነ መንገድ ይበሳል። ስለዚህ ቤቱን እንደ ነቀዝ ያደክማል።

ታዲያ ይኸ ደባል ጠላት ነውን? ቸኩለን አንፍረድ።

ባሕሩ ከልክ በላይ ሲሞቅ የላይኛው አልጌ ከኮራሉ ሥጋ ይወጣል። ኮራሉ ይነጣል። ጎተራው ባዶ ሆኗልና ይርበዋል። በዚያን ጊዜ ብርሃን ያለ ከልካይ ወደ አጥንቱ ይገባል። ተደብቆ የኖረው አልጌ ይፋፋል። ከሚሠራውም ምግብ ጥቂቱ ወደ ኮራሉ እንደሚያልፍ በአንዳንድ የኮራል ዓይነቶች ታይቷል። ቤት ሲቦረቡር የኖረው ደባል በክፉ ቀን ቁራሽ ያቀብላል ማለት ነው።

ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ኮራሉ ሊያገግም ይችላል። ሙቀቱ ከቆየ ግን ቁራሹ አይበቃውም፤ ይሞታል። ደባሉም የሞተውን አጥንት መቦርቦሩን ይቀጥላል። ካቡ ሲፈርስ ዓሣው መጠለያ ያጣል፤ ዓሣ አጥማጁም ባዶ መረብ ይስባል። ዓለም እየሞቀ በሄደ ቁጥር ይኸ ክፉ ቀን ይደጋገማል።

እንግዲህ ወደ ካባችን እንመለስ። የሸበተውን ድንጋይ በጥፍራችሁ ከመፋቃችሁ በፊት ጠጋ ብላችሁ እዩት። ድንጋይ ነው ብለን ያለፍነው የሌላው ቤት ነው።

ለውይይት፦
1. ኮራል እንስሳ ነው ወይስ ድንጋይ?
2. በአጥንቱ ውስጥ የሚኖረው አልጌ ጥቅሙ ምንድን ነው? ጉዳቱስ?
3. በቀበሌያችሁ ተረዳድተው የሚኖሩ ዕፀዋትና እንስሳት የትኞቹ ናቸው?