የሕዝብ ቁጥርና የነጋዴ መዝገብ

ነጋዴ በዓመቱ መጨረሻ የመጋዘኑን ዕቃ ከመቍጠሩ በፊት መዝገቡን ይመለከታል፤ ይኸውም አስቀድሞ በነበረው ላይ የገባውን ይደምራል፣ የወጣውን ይቀንሳል። የሕዝብን ቁጥር የሚያጠኑ ሊቃውንት የሚከተሉትም መንገድ ከዚህ የራቀ አይደለም። በቈጠራ በተገኘው ላይ የተወለደውንና ከሌላ ስፍራ የመጣውን ይጨምራሉ፤ የሞተውንና ለቆ የሄደውን ይቀንሳሉ። ከሁሉ ይልቅ የሚያስቸግረው ወደ ከተማ የሚገባውንና የሚወጣውን ማወቅ ነው፤ በር ላይ ቆሞ የሚመዘግብ የለምና።

በኢትዮጵያ አገር አቀፍ የሕዝብ ቈጠራ በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. ተካሂዷል። የአዲስ አበባ ሕዝብ በሁለተኛው ቈጠራ 2.1 ሚሊዮን፣ በሦስተኛው 2.7 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ ተገኘ፤ ዕድገቱም በዓመት 2.1 በመቶ ያህል ነበር። በጉለሌ ክፍለ ከተማ በ1999 ዓ.ም. የተቈጠረው ሕዝብ ከ267 ሺህ በላይ ነው። ለ2010 ዓ.ም. የታሰበው አራተኛው ቈጠራ ግን ተላለፈ፤ በ2011 ዓ.ም. ዳግመኛ ተራዘመ። ስለዚህ በእነዚያ ዓመታት ሲነገር የቈየው ቁጥር በስሌት የተገኘ ግምት ነው።

ከ267 ሺህ ተነሥቶ በየዓመቱ 2.1 በመቶ የሚጨምር ሕዝብ በ10 ዓመት 329 ሺህ ገደማ ይሆናል፤ 3 በመቶ ቢጨምር ግን 359 ሺህ ይደርሳል። በመካከሉ ያለው 30 ሺህ ሰው የስኳር፣ የሳሙናና የልብስ ገዢ ነው።

እንግዲህ አስመጪውም ሆነ የሽሮ ሜዳው ባለሱቅ የሕዝብ ቁጥር ሲቀርብለት በየትኛው ዓመት ቈጠራ እንደ ተመሠረተና በምን ያህል ዕድገት እንደ ተሰላ ሊጠይቅ ይገባዋል። መጋዘኑን ለብዙ ዓመት ሳይቈጥር በመዝገብ ብቻ ዕቃ የሚያዝዝ ነጋዴ ምን እንደሚደርስበት የታወቀ ነው።