የልጣጭ ቆይታ፦ የሐረር ቡና የወይን ጠጅ ቃና ከየት ይመጣል?

ቡና ቀማሾች የሐረርን ቡና «የወይን ጠጅ ቃና ያለው» ሲሉ መግለጻቸው የተለመደ ነው። አገላለጹ ከሙገሳ ያለፈ ትርጉም አለው፤ ሁለቱ መጠጦች ጣዕማቸውን በሚያገኙበት ሂደት አንድ መሠረታዊ ውሳኔ ይጋራሉና። ውሳኔውም የፍሬው ልጣጭ መቼ ይለይ የሚለው ነው። ይህ አጭር ጽሑፍ ግንኙነቱንና ለሐረርጌ አምራች ያለውን ፋይዳ ያብራራል።

በአገራችን በዝዋይ አካባቢ የሚለማው ሻርዶኔ የነጭ ወይን ጠጅ ዝርያ ነው። ፍሬው እንደተለቀመ ይጨመቅና ልጣጩ ይወገዳል፤ የሚብላላው ጭማቂው ብቻ ነው። ጠማቂው የላክቲክ አሲድ ባክቴሪያ እንዲሠራ ከፈቀደ፣ ኮምጣጣው ማሊክ አሲድ ወደ ለስላሳው ላክቲክ አሲድ ይለወጣል፤ የቅቤ ቃናም ሊከተል ይችላል። በኦክ በርሜል ካቆየው ደግሞ የቫኒላ ሽታ ይጨምራል። ቀይ ወይን ጠጅ ግን ከነልጣጩ ይብላላል፤ ቀለሙና አፍ የሚያደርቀው ታኒን በአብዛኛው የሚገኙት ከዚያ ነው።

የታጠበ ቡና በዚህ ረገድ ሻርዶኔን ይመስላል። እሸቱ ተፈልፍሎ ፍሬው ላይ የቀረው የሚያዳልጥ ሽፋን በገንዳ ከተብላላ በኋላ ይታጠባል፤ ጣዕሙም ጥርት ያለ ይሆናል። የሐረር ቡና ግን በተለምዶ ከነልጣጩ በፀሐይ ደርቆ ጀንፈል ይሆናል፤ ውኃ ለሚያጥረው አካባቢም ይህ ዘዴ ተስማሚ ነው። ማድረቁ ሳምንታት ሲወስድ እርሾና ባክቴሪያ የልጣጩን ስኳር እየተመገቡ አልኮል፣ አሲድና ፍራፍሬ ፍራፍሬ የሚሸቱ ኤስተሮችን ያመነጫሉ፤ ከእነዚህም ከፊሉ ወደ ፍሬው ይሰርጋል።

ንጽጽሩ ግን ወሰን አለው። በወይን ጠጅ የሚጠጣው የተብላላው ጭማቂ ራሱ ነው፤ በቡና ግን ዘሩ ተቆልቶ ነው። በመሆኑም እስኪጠቁር የተቆላ ቡና ይህን ቃና ያጣል።

ቃናውን የሚፈጥረው ሂደት ሊያበላሸውም ይችላል። እሸቱ በወፍራሙ ከተሰጣ፣ በወቅቱ ካልተገላበጠ ወይም ዝናብ ካገኘው አሴቲክ አሲድና ሻጋታ ያይላሉ፤ የወይን ጠጁ ቃና ወደ ኮምጣጤ ይለወጣል። የበሰለውን ብቻ መልቀም፣ በአልጋ ላይ በስሱ ማስጣትና እርጥበቱ ወደ 12 በመቶ እስኪወርድ መከታተል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ኢትዮጵያ በ2005 እ.ኤ.አ. «ሐረር» የሚለውን ስም ከሲዳሞና ከይርጋጨፌ ጋር በአሜሪካ በንግድ ምልክትነት ለማስመዝገብ ማመልከቷ ይታወሳል። የንግድ ምልክት ስምን ይጠብቃል፤ ጣዕምን የሚጠብቀው ግን የማድረቂያው አልጋ ነው። በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ የሚሸጠው ጫት የቡናን ማሳ እየተካ ባለበት በሐረርጌ፣ በማድረቅ የተበላሸ የአንድ ወቅት ምርት ለገበሬው ቡናውን የመንቀል ምክንያት ሊሆን ይችላል። ስለዚህ የአካባቢው ምርምር ከዝርያው እኩል የልጣጩን ቆይታ፣ የአልጋውን ሙቀትና የተዋሕስያኑን ዓይነት ከቅምሻ ውጤት ጋር አዛምዶ ሊመዘግብ ይገባል።